በቁማቸው ያወረሱ አባቶች፦ ከሊር እስከ ጎሪዮ

ስለ «ንጉሥ ሊር» ሲወራ ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ሽማግሌው ንጉሥ ሦስት ሴቶች ልጆቹን ፊቱ አቁሞ «ከእናንተ አብልጣ የምትወደኝ ማን ናት?» ብሎ ከሚጠይቅበት ቦታ ነው። ሼክስፒር ግን የሚጀምረው ጥቂት መስመሮች ቀደም ብሎ ነው። ተውኔቱ ሲከፈት ኬንትና ግሎስተር የተባሉ ሁለት መኳንንት ስለ መንግሥቱ ክፍፍል ያወራሉ። የሁለቱ አማቾች የአልባኒና የኮርንዎል መሳፍንት ድርሻ በጥንቃቄ ተመዝኗል፤ አንዱ የሌላውን አይቶ የሚመኝበት ምክንያት የለም ይባባላሉ። ርስቱ ልጆቹ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ተከፍሎ አልቋል ማለት ነው።

ይህን ይዞ የቀጠለ አንባቢ ቀጣዩን ትዕይንት በሌላ ዓይን ያየዋል። ታላቋ ጎነሪል ተናግራ እንደ ጨረሰች ሊር ካርታው ላይ ጣቱን አሳርፎ ድርሻዋን ይሰጣታል፤ የሬገንን ቃል ገና አልሰማም። ነገሩ እውነት ውድድር ቢሆን ኖሮ ሦስቱንም ሰምቶ ነበር የሚፈርደው። ሬገንም ትናገራለች፣ ትቀበላለች። ለትንሿ ለኮርዴሊያ የቀረው ሲሶ ደግሞ ከእህቶቿ የበለጠ ለም እንደ ሆነ ራሱ ሊር በአፉ ይናገራል። ትንሽ ቆይቶ፣ ሲቆጣ፣ ሐሳቡን ያወጣዋል፦ የቀረች ዕድሜውን በእሷ እጅ ሊያርፍ ነበር የፈለገው። ስለዚህ ሰውየው ጧሪውን አስቀድሞ መርጧል። የቀረው ነገር በሕዝብ ፊት መመስገን ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ግን ያን ነፈገችው።

በታላላቅ ድርሰቶች ውስጥ ስለ ወላጅና ልጅ የሚነገሩትን ታሪኮች የክፉ ልጆች ታሪክ ብቻ አድርጎ ማንበብ ብዙ ነገር ያስቀራል። እኔ የምመክረው የርክክቡን መንገድ መከታተል ነው። ምን ተሰጠ? መቼ ተሰጠ? በምን ውል? ውሉ ቢፈርስ የሚያስከብረው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የገባ ሰው ልቅሶውም እርግማኑም ከየት እንደ መጣ ይገባዋል።

የሊር ውል ይህ ነው። ሥልጣኑን፣ ገቢውንና የማዘዝ መብቱን ለሁለቱ አማቾቹ ያስረክባል። ለራሱ የንጉሥነት ስሙንና ክብሩን ያስቀራል። ከዚያ ላይ 100 ፈረሰኛ አጃቢዎች ይይዛል፤ ቀለባቸው በልጆቹ ላይ ነው፤ እሱም ወር ከጎነሪል ወር ከሬገን እየተፈራረቀ ይኖራል። የስህተቱ ሥር እዚህ ላይ ነው። ገቢውን ሰጥቶ ወጪውን አስቀርቷል፤ መቶ የታጠቀ ሰው ይዞ ሰው ቤት ይገባል፤ ልጆቹ እንቢ ቢሉት አቤት የሚልበት ችሎት የለም፤ ምክንያቱም ችሎቱንም አስረክቧል።

ጎነሪል አጃቢዎቹ ቤቴን መጠጥ ቤት አደረጉት ብላ ስትማረር ብዙ ጊዜ ሐሰት እንደ ሆነ አድርገን እናልፈዋለን። ጽሑፉ ግን አይፈርድላትም፣ አይፈርድባትምም። ፒተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባዘጋጀው መድረክ ላይ አጃቢዎቹ በእርግጥ ያውካሉ፣ ቤቱን ያተረማምሳሉ፤ ያን ያየ ተመልካች ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ለጎነሪል አለማዘን አይችልም ነበር። ይህ ለተውኔቱ ጉልበት ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። ልጅቷ በትንሹ እውነት ላይ ቆማ ነው ወደ ትልቁ ግፍ የምትሻገረው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን መቁጠር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎነሪል 50ውን በአንድ ጊዜ ትቀንሳለች። ሊር ተቆጥቶ ወደ ሬገን ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ከ25 በላይ አላስገባም ትላለች። በዚህ ጊዜ ሊር ወደ ጎነሪል ዞሮ የሚናገረው ነገር በተውኔቱ ውስጥ ከማውቀው ሁሉ ያማል፦ የአንቺ 50 የእሷን 25 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ፍቅርሽ የእሷን እጥፍ ነው። መጀመሪያ ፍቅርን በቃል የመዘነ ሰው አሁን በአጃቢ ቁጥር ይመዝናል፤ ሚዛኑ ግን እጁ ላይ የለም። ልጆቹ በየተራ ያወርዱታል። 25 ለምን? 10 ለምን? 5ስ? ሬገን ትጨርሰዋለች፦ አንድስ ቢሆን ለምን ያስፈልጋል? ሊር «ሁሉን ሰጠኋችሁ» ሲል የምትመልስለትም እሷ ናት፦ በጊዜውም ሰጠኸን።

የኮርዴሊያ መልስ ብዙ ጊዜ በችኮላ ይነበባል። «ምንም» ማለቷን ሁሉም ያስታውሳል። ከዚያ የቀጠለችውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ወለድከኝ፣ አሳደግከኝ፣ ወደድከኝ፤ እኔም የሚገባህን እመልሳለሁ፤ እታዘዝሃለሁ፣ እወድሃለሁ፣ አከብርሃለሁ ትለዋለች። ቀጥላ ስለ እህቶቿ ትጠይቀዋለች፦ ፍቅራቸው ሁሉ ያንተ ከሆነ ባል ለምን አገቡ? እኔ ሳገባ የፍቅሬን እኩሌታ ባሌ ይወስደዋል። በዚያች ቀን በአዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ የቤተሰብን እውነት የተናገረችው እሷ ብቻ ናት፤ ልጅ እንደሚያገባ፣ ፍቅሩም ወደ ሌላ ቤት እንደሚሻገር። አባቷ ይህን የሰማው እንደ ክህደት ነው። ያለ ድርሻ ሲያስቀራት የበርገንዲው መስፍን ወዲያው ይሸሻታል፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ባዶ እጇን ይወስዳታል።

ሼክስፒር ጉዳዩን በአንድ ቤት አልተወውም። የግሎስተር ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ፤ በሕግ ጋብቻ የተወለደው ኤድጋርና ከጋብቻ ውጭ የተወለደው፣ በዓመት ገደማ የሚያንሰው ኤድመንድ። ኤድመንድ ወንድሙን ለማስወገድ በኤድጋር ስም የሐሰት ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤውን ሲያሳይ ወንድሜ ሲል ሰምቻለሁ ብሎ የሚጨምረው ሐሳብ ምንድን ነው? ልጆች ሲጎለምሱና አባቶች ሲያረጁ አባት በልጁ ሞግዚትነት ሥር ይሁን፣ ገቢውንም ልጁ ያስተዳድር የሚል ነው። ግሎስተር ይህን ሲሰማ የደብዳቤው ሐሳብ ይኸው ነው ብሎ፣ እንደ ወንጀል ቆጥሮ ይንቀጠቀጣል። ንጉሡ ግን ገና አሁን፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ይኸንኑ በራሱ ላይ ፈጽሟል። ሁለቱን ታሪኮች የሚያስተሳስረው ይህ ደብዳቤ ነውና ሲያነቡ አይዝለሉት።

ስለ መጨረሻው አንድ ነገር ልበል። ከሼክስፒር በፊት የነበረውና በ1605 የታተመው የሌላ ሰው ተውኔት ሽማግሌውን ወደ ዙፋኑ ይመልሰዋል። ሼክስፒር ግን ኮርዴሊያን ያሰቅላታል፣ ሊርንም በሬሳዋ ላይ ይገድለዋል። ሰው ይህን መሸከም ስላቃተው ናሁም ቴት የተባለ ጸሐፊ በ1681 አስተካከልኩት ብሎ ኮርዴሊያን ከኤድጋር ጋር አጋባት፤ ሊርም በሕይወት ተረፈ። የእንግሊዝ መድረክ ከመቶ ዓመት በላይ ያንን ሲያሳይ ኖሯል። የቴት ጥፋት ደስታ መጨመሩ አይደለም፤ ሊር ያደረገው ነገር ዋጋ እንዳይኖረው ማድረጉ ነው። አንዴ የተሰጠ መንግሥት በይቅርታ አይመለስም። ይቅርታው ግን አለ፤ ሊር ኮርዴሊያን ልትጠዪኝ ምክንያት አለሽ ሲላት ምንም ምክንያት የለኝም፣ ምንም ምክንያት የለኝም ትለዋለች። ይህን የምትለው ከመሞቷ በፊት መሆኑ ለእኔ ከቴት ሠርግ ይበልጣል።

መጽሐፈ ሲራክን የሚያነብ የእኛ ሰው ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ለቤት አባወራ ግልጽ ምክር አለው። በሕይወት ሳለህ ለልጅም ለሚስትም ለወንድምም ለወዳጅም በራስህ ላይ ሥልጣን አትስጥ፣ አንተ የልጆችህን እጅ ከምታይ እነሱ ያንተን ቢያዩ ይሻላል፣ ርስትህን በምትሞትበት ቀን አካፍል ይላል። ሊር ይህን ምክር በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ሻረ። ቀጥሎ የማነሣው ሰው ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሻረው፤ ለእኔ ይህኛው ይከብዳል።

የፈረንሳዊው ደራሲ የባልዛክ ልቦለድ «ፔር ጎሪዮ» (አባ ጎሪዮ) በ1834 እና 1835 የታተመ ሲሆን ታሪኩ የሚሆነው በ1819 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ነው። ጎሪዮ ፓስታ ሠሪ ነጋዴ ነበር፤ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በዱቄት ንግድ ሀብታም ሆነ። ሚስቱ በሰባት ዓመት ትዳር ሞተችበት፤ ሌላ አላገባም። ፍቅሩን ሁሉ በሁለት ሴቶች ልጆቹ ላይ አፈሰሰው። አናስታዚን ለኮንት ደ ረስቶ፣ ደልፊንን ለባንከሩ ለኑሲንገን ዳረ። ለእያንዳንዳቸው ከግማሽ ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ሰጥቶ፣ ለራሱ በዓመት ከስምንት እስከ አሥር ሺህ ፍራንክ የሚያስገባ ሀብት ብቻ አስቀረ። አማቾቹ የዱቄት ነጋዴ አማት ያሳፍራቸው ነበር፤ አምስት ዓመት ወትውተውት ሱቁን ሸጠ።

ባልዛክ የጎሪዮን ውድቀት የሚነግረን በደረጃና በኪራይ ነው፤ እዚህም መቁጠር ያስፈልጋል። በ1813 ወደ ማዳም ቮኬ ፔንሲዮን ሲገባ አንደኛ ፎቅ ላይ በዓመት 1,200 ፍራንክ እየከፈለ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ፤ ኪራዩ 900 ሆነ። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ በወር 45 ፍራንክ። ትንባሆውን ተወ፤ ፀጉር የሚያስተካክልለትን ሰው አሰናበተ። በዚያ ዘመን ፓሪስ ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ኪራዩ ይረክሳል፤ ሽማግሌው ወደ ላይ ሲወጣ ልጆቹ ገንዘብ እየወሰዱ መሆኑ ይታወቃል። ልጆቹ በስውር ሲመጡ ያዩ ተከራዮች ግን ውሽሞቹ ናቸው ብለው ያሙታል።

አንድ ሌሊት እዚያው የሚኖረው ተማሪ ራስቲኛክ በበሩ ቀዳዳ ሲያይ ሽማግሌው የብር ሳህኑን እየጠመዘዘ እንደ ሊጥ ሲያድቦለቡለው ያገኘዋል። ሚስቱ የሰጠችው ማስታወሻ ነው፤ የአናስታዚን ዕዳ ሊከፍል ነው። ያው ራስቲኛክ በረስቶ ቤት ተጋብዞ የጎሪዮን ስም በጨዋታ መካከል ሲያነሣ የቤቱ በር ይዘጋበታል። ሴትየዋ ለአባቷ ገንዘብ እንጂ ለስሙ ቦታ የላትም።

ብዙ አንባቢ የሚያልፈውና ባልዛክ ግን አጥብቆ የያዘው ነገር የገንዘቡ ባለቤትነት ነው። የተሰጠው ሀብት በልጆቹ ስም ቢመዘገብም የሚያዝበት ባል ነው። ኑሲንገን የደልፊንን ገንዘብ በመሬት ንግዱ ውስጥ አስገብቶ አሥሮታል፤ ካሻኝ በስምሽ ልነግድ ትተዪኛለሽ፣ እኔም ኑሮሽን አልመረምርም ብሎ ይዋዋላታል። አናስታዚ የባሏን ቤተሰብ አልማዝ ለውሽማዋ ዕዳ ሸጣ ተይዛለች፤ ባልየው አልማዙን አስመልሶ እሷን በውል ያስራታል። ስለዚህ ባለሠረገላ ሁለት ሴቶች፣ ቤታቸው ያጌጠ፣ በእጃቸው ግን ጥሬ ገንዘብ የለም። የሚሮጡት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ይህ ክፋታቸውን አያነጻም፤ ነገር ግን አባትየው የሰጠው ለልጆቹ ሳይሆን ለአማቾቹ እንደ ነበር ያሳያል። ሊርም ዘውዱን ያስረከበው በሁለቱ መሳፍንት እጅ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ግብይቶች በትክክል ተቆጥረዋል። ጎሪዮ የቀረውን ቋሚ ዓመታዊ ገቢ ሸጦ ከፊሉን ለደልፊንና ውሽማዋ ለሆነው ለራስቲኛክ ቤት ማደራጃ ያውላል፤ ለራሱም ዕድሜ ልኩን ብቻ የሚከፈል ገቢ ይገዛበታል። ቋሚው ገቢ ለልጅ ይተርፍ ነበር፤ ይኼኛው ሰውየው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ቀጥሎ አናስታዚ ለውሽማዋ 12,000 ፍራንክ ስትጠይቀው እጁ ባዶ ነው፤ ሁለቱ እህትማማቾች ፊቱ ይሰዳደባሉ፤ ሽማግሌው በዚያው ታመመ። ታሞም ለጭፈራ ግብዣ ልብስ 1,000 ፍራንክ ፈለገችው፤ ሹካና ማንኪያውንና ዘለበቶቹን በ600 ሸጠ፣ የአንድ ዓመት ገቢውን ለአራጣ አበዳሪው ለጎብሴክ አስይዞ 400 አገኘ።

በሞት አልጋው ላይ የሚናገረውን በአንድ ጊዜ ማንበብ ይከብዳል፤ በዝግታ ማንበብ ነው። ሀብቴን ይዤ ብቆይ ኖሮ እዚህ ሆነው ጉንጬን በመሳም ያረጥቡት ነበር ይላል። ወታደር ልካችሁ አምጡልኝ፣ አባቶች ከተረገጡ አገር ትጠፋለች ይላል። በሌላ እስትንፋስ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ እንዲረግጡኝ ያስለመድኳቸው ይላል፤ ከዚያ ይባርካቸዋል። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ነቅሶ «የባልዛክ ሐሳብ ይህ ነው» ማለት ስህተት ነው። ሰውየው ሁሉንም ነው የሚለው፤ ባልዛክ የእርግማኑንና የምርቃቱን መመላለስ ሳያስታርቅ ትቶታል። ደልፊን ከጭፈራ ግብዣ ተመልሳ ተኝታለች። አናስታዚ ራሱን ከሳተ በኋላ ትደርሳለች። የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት ሁለት ደሀ ተማሪዎች ናቸው፤ ከልጆቹ ቤት ባዶ ሠረገላዎች ብቻ ተላኩ። ጧሪም ቀባሪም ብሎ ያሳደጋቸው ሁለቱንም አልሆኑለትም።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን የሉቃስ ምዕራፍ 15 ምሳሌ አጠገቡ ማኖር ይጠቅማል፤ በቁም ማካፈል እዚያም አለና። ታናሹ ድርሻዬን ስጠኝ ሲል አባትየው «ገንዘቡን አካፈላቸው» ይላል፤ ለአንዱ ሳይሆን ለሁለቱም። በኦሪት ዘዳግም 21 ሕግ በኵር እጥፍ ይወስዳል፤ ሁለት ልጆች ካሉ ከሦስት እጅ ሁለቱ የታላቁ ነው። ስለዚህ ታናሹ በልቶ ሲመለስ የሚለብሰው ልብስ፣ ቀለበቱ፣ ጫማው፣ የታረደው ፍሪዳ የሚወጣው ከታላቁ ድርሻ ነው። የታላቁን ቁጣ ቅናት ብቻ ብለን እንዳናልፈው ይህ ሒሳብ ይከለክላል፤ አንድ ጠቦት እንኳ ከወዳጆቼ ጋር እንድደሰትበት አልሰጠኸኝም ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አባትየውም አይክደውም፦ ለእኔ የሆነ ሁሉ የአንተ ነው ይለዋል። ከሊርና ከጎሪዮ የሚለየው ግን ድርሻውን አካፍሎም ከቤቱ አለመውጣቱ ነው። ባሮቹን ያዛል፣ ለሁለቱም ልጆች እየወጣ ይቀበላቸዋል። ልጆቹ ወደሱ ይመጣሉ እንጂ እሱ ወር ከዚህ ወር ከዚያ አይዞርም።

በእኛ አገር ድርሰት ይህን ጥያቄ በጥልቀት የያዘው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ እዚያ ግን የሚሰጠው ርስት አይደለም፣ ልጁ ራሱ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃችን ቢያድግልን ለቤተ ክርስቲያን ያገልግል ብለው ይሳላሉ። በሌላው ቤት ፊታውራሪ መሸሻ የልጃቸውን የሰብለን ጠያቂዎች በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ የጋብቻዋ ጊዜ ያልፋል። አንዱ ቤት ልጁን ከመሰንበቱ በፊት አሳልፎ ሰጠ፤ አንዱ ቤት ጊዜው አልፎም አልሰጥ አለ። ሁለቱም ልጆቻቸውን አይጠሉም፤ ሐዲስ ይህን ደጋግሞ ያሳያል፤ ሰው ልቦለዱን የፊውዳል ጭቆና ታሪክ ብቻ አድርጎ ሲያነበው የሚጠፋው ይኼ ነው።

ስለቱን ከሊር ውል ጋር አነጻጽሩት። ሊር ያሰረው ራሱን ነው፤ የተጎዳውም በመጀመሪያ ራሱ ነው። የበዛብህ ወላጆች የገቡት ውል የሚከፈለው በልጃቸው ዕድሜ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ እሺም እንቢም ማለት የማይችል ጨቅላ ነበር። በዛብህ ሰብለን በወደደ ጊዜ የሚገጥመው ችግር የፊታውራሪ ቁጣ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪን መሸሽ ይቻላል፣ ሸሽቷልም፤ ከስለቱ ግን የሚሸሽበት አገር የለውም፤ እናት አባቱ በፍቅር የተናገሩት ቃል በመሆኑ ልቡ ውስጥ ተሸክሞት ይሄዳል። መጽሐፉን ዳግም የሚያነብ ሰው ከመሸሻ ቤት ይልቅ ከስለቱ ምዕራፍ ቢጀምር እመክራለሁ፤ በኋላ በዛብህ የሚያመነታባቸው ቦታዎች ሁሉ ከዚያ የተነሡ ናቸው።